የትኛው ይቅር?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ዛሬ ሳሙናው መጣ። የኪስ መዝገብ ነው የሚባለው፤ የልብስ ሳሙና ስለሚያክል ግን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ሳሙና አልነው።

ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ይዛው ትወጣለች። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን በሽተኞች እየዞረች ታያለች፣ ያየችውን እዚያው ትጽፍበታለች፣ ተመልሳ ኮምፒውተሬ አጠገብ ባለች ማስቀመጫ ላይ ታጋድመዋለች። ማስቀመጫዋን አልጋ ይሏታል። ሳሙናው አልጋው ላይ ሲተኛ እሱ የያዘውና ኮምፒውተሩ የያዘው ይዋሃዳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እኩል ያውቃሉ።

አስተዳዳሪው እጁን ኪሱ ከቶ «እናታችን፣ ከእንግዲህ መሰላል መውጣት ቀረልዎ» አለኝ። እናቱ አይደለሁም። የዚህን ክሊኒክ ወለል አሥራ ሰባት ዓመት ስወለውል እናታችን ያለኝ አልነበረም። ካርድ ክፍሉን ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የካርዱን ሁሉ ታሪክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፣ በሁለት ጣት።

ባለሽቦው መጥቶ አሠራሩን አሳየኝ። ስሙን ነግሮኛል፤ ሁልጊዜ ሽቦ ሲጎትት ስለማየው ግን ለእኔ ባለሽቦው ነው።

«እትዬ፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሲገኝ ማሽኑ ይጠይቅዎታል። አንዱን ይነኩና "አዋህድ" የሚለውን ይጫናሉ። አለቀ።»

«ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?»

«በአማርኛ አድርጌዋለሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ለእኔ ብሎ። ሌላው በውጭ ቋንቋው ይችላል ማለቱ ነው። ጽሑፉ ሁለት ቃል ነው፤ «የትኛው ይቅር?» ይላል። ከሥሩ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይወጣሉ።

«ገባዎት?» አለኝ።

«ማንበብ እኮ እችላለሁ» አልኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ሲመጣ መንታ እንለዋለን። መንታው የሚወለደው ከፊደል ነው። እኔ በሐመሩ ሐ የጻፍኩትን ነርሷ በሀሌታው ሀ ትጽፈዋለች። እኔ በዓይኑ ዐ፣ እሷ በአልፋው አ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም።

የእኔዎቹ መዝገቦች ሙሉ ናቸው። የአሥር ዓመት በሽታ፣ የአሥር ዓመት መድኃኒት አለባቸው። የነርሷ ሁለት መስመር ነው፦ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ዛሬ የታየው። ስለዚህ የእሷን እነካለሁ፣ ይቅር እላለሁ፣ አዋህድ እላለሁ። ያዋሃድኩትን ሁሉ በዚህ ደብተር ጀርባ እየመዘገብኩ ነው። ማሽን ሊረሳ ይችላል።

ነርሷ ጫማዋን እያራገፈች ገባች። «እትዬ፣ ዛሬ ስንት መንታ ተገላገሉ?»

«አሥራ አራት።»

«ውይ! ወገብዎ እንዴት ተረፈ?»

ሳቅሁ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ችኩል ናት እንጂ። ፊደል የሚባል አታውቅም፤ የመጣላትን ነው የምትጽፈው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የማታ አስተማሪዬ ዛሬ መንታ ሆና መጣች።

እጄ በረኪና በረኪና እየሸተተ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዳችን ለአስተማሪያችን የምስጋና ወረቀት ጻፍን። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስሟን በእሳቱ ሰ ጀመርኩት። ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርጋ አሳየችና «ይህች ማን ናት? እኔ በንጉሡ ሠ ነኝ። ይህች ሌላ ሴት ናት፣ አላውቃትም» አለች። አብሮን የሚማረው ሽማግሌ ዘበኛ እንኳን ሳቀ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ መለሰችልኝ። ከሥሩ የጻፍኩትን አላነበበችውም።

በኋላ እኔ ካርድ ክፍል ሆንኩ፣ እሷ በሽተኛ ሆና መጣች። ካርዷን በእሳቱ ሰ ጻፍኩት። ንጉሡን መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። መደርደሪያውም ላይ ያለችው ሰ ውስጥ ነው።

ያኔ ነው ሐኪሙ «በቀይ ጻፊው» ያለኝ። ፔኒሲሊን ወስዳ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ለጥቂት ተርፋለች። «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ላይም አስገብቼዋለሁ።

አሁን እግሯ ቆስሎ ከቤት አትወጣም አሉ። ነርሷ ስትመዘግባት ፊደሏን ራሷ ነግራት ይሆናል፤ ሳሙናው ላይ በንጉሡ ሠ ነው ያለችው። የኔዋ እሳቱ በአንድ በኩል፣ ሙሉ ታሪኳን ይዛ። የነርሷ ንጉሡ በሌላ በኩል፣ በሁለት መስመር።

የትኛው ይቅር?

ንጉሡን ነካሁና «አንቺ ይቅርብሽ» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አዋህድ። ምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ተመልሳ መጣች! ዝርዝሩ ላይ ያለችው በንጉሡ ሠ ነው። ሐሙስ የጣልኳት።

ነርሷን ያዝኳት። «አስተማሪዋን አንቺ ነሽ መልሰሽ የጻፍሻት?»

«ኧረ እኔ አልነካኋቸውም፣ እትዬ።»

«እሷ ልካሽ ነው።»

«ማን? እሳቸው? እሳቸው የሚልኩኝ ሱቅ ብቻ ነው።»

አላመንኳትም። ሁለቱ ተማክረውብኛል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

መንታ ሃያ ሁለት። የምጥለው አልወድቅ አለኝ። የማቆየውን ደግሞ ማሽኑ ይበላዋል። የጫማ ሠሪው የደም ግፊት ታሪክ የለም። ሐኪሙ በሩ ላይ ሆኖ «የዚህ ሰውዬ ያለፈው ዓመት ምርመራ የት ገባ?» ሲል የወረቀቱን ካርድ አውጥቼ ሰጠሁት። «ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ነው የጠየቅሁሽ» አለ። «ይዘገያል» አልኩት። ስለ ኮምፒውተር ይዘገያል ከተባለ ማንም ያምናል።

ባለሽቦውን ልጠይቀው? ገባዎት ወይ ብሎኝ ነበር። ገብቶኛል ብዬዋለሁ። አሁን ሄጄ ምን ልበለው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ስብሰባ ተደረገ። ሐምሌ 25 የጭነት መኪና ይመጣል፤ የወረቀቱ ካርድ በሙሉ ተወስዶ ይፈጫል። ካርድ ክፍሉ የመርፌ ክፍል ይሆናል። አስተዳዳሪው እስከዚያ ድረስ «አንድም መንታ እንዳይኖር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እናታችን አሉልን» ብሎ አጨበጨበ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። የሚጨበጨብለት ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የክሊኒኩን የቀድሞ ዘበኛ አጨብጭበው ነው የሸኙት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

መንታ ሠላሳ አንድ። ዓይኔ ደከመ።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ልጄ ቁም ሣጥን ገዛች። ቤታችን አንድ ክፍል ከግማሽ ናት፤ ቁም ሣጥኑ እንዲገባ ካሉን ሁለት ወንበሮች አንዱ መውጣት ነበረበት። አንዱ ደህና ነው። የአንዱ እግር ተሰብሮ በገመድ ታስሯል።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ከበሩ ላይ ሆና «እማዬ፣ የትኛው ይቅር?» አለችኝ።

«ያ እግረ ሰባራው ይቅር።»

ዞር ስል ደህናው ወንበር የለም። ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ሰባራው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ምን ነካሽ አንቺ? ደህናውን ሰጠሽው?»

«አንቺ ነሻ! የትኛው ይቅር ስልሽ ሰባራው አላልሽም?»

«ይቅር አልኩ እኮ! ይቅርብን፣ ይውጣ፣ አንፈልገውም!»

«እኔ ደግሞ የትኛው እዚህ ይቅር ነው ያልኩሽ። ይቅር አልሽ፣ ቀረ!» ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በይ እንግዲህ አንቺው ተቀመጪበት።»

ሽንኩርቱን መጨረስ አቃተኝ። «ምን ሆንሽ፣ ቀለድኩ እኮ» አለች። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ከሁሉም ሰው ቀድሜ ገባሁ። ከዓርብ የተረፈ አንድ መንታ ነበር። የትኛው ይቅር? ይላል። የነርሷን ሳይሆን የራሴን ሙሉውን ነካሁ። አዋህድ።

ሙሉው ቆየ። የነርሷ ጠፋ።

ለካ የትኛው ይቆይ ማለቱ ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠፋው በእጄ ነው። ቆጠርኳቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ታሪክ በሁለት መስመር ቀርቷል። የስኳር በሽታው፣ ቀዶ ጥገናው፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ሁሉም። ሳሙናውም ያንኑ ሁለት መስመር ነው ይዞ የሚዞረው።

ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፍ? «ይቆይ» ማለት ምን አለበት? «ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ ደግሞ።

ለአስተዳዳሪው ልነግረው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ስልክ ላይ ነው። «አሮጊቷን? በዘዴ ነዋ። መንታውን ትጨርስልኝና ጡረታዋ እስኪደርስ ጽዳት ላይ እንመልሳታለን፤ ለምዳዋለች» ይላል። ይስቃል።

ተመለስኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አልነገርኩም። የተሻለ አስቤያለሁ። የወረቀቱ ካርድ እስከ ሐምሌ 25 አለ። ሁሉም ምሳ ሲወጡ በሩን ዘግቼ የጠፋውን ከካርዱ እመልሳለሁ። ደብተሬ ጀርባ ዝርዝሩ አለ። መሰላሉን ስወጣና ስወርድ እንዳልውል በመደርደሪያው ተራ እሄዳለሁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያልኩ።

ዛሬ ስምንት አስገባሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ካለቀ ደግሞ አልጠፋም ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ሀ አለቀ። ምሳ መብላት ትቻለሁ። ነርሷ አንድ ዳቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። «ከሱ፣ እትዬ። መንታ እያጠቡ ነው እንዴ?» አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ሐ። ጣቶቼ አብጠዋል። ሰባት ብቻ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

መ ላይ ነኝ። መ አያልቅም። የሰው ሁሉ ስም በመ ይጀምራል እንዴ?

ነርሷ ስትመለስ ሳሙናውን አልጋው ላይ አጋድማ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የአስተማሪዋ እግር አላማረኝም። ቀልቷል። ሐኪሙ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻላቸው መርፌ እንጀምራለን አለኝ።»

«የምን መርፌ?»

«እንጃ። እሱ ያዛል።» እግሯን ማወዛወዝ ጀመረችና «እርስዎን ያውቁዎታል አይደል? ካርድ ክፍል ያለችው ተማሪዬ ናት አሉኝ።»

«ምን አለችሽ?»

«ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሷ ያለ የእጅ ጽሑፍ አላየሁም አሉ። ግትር ናት እንጂ ጎበዝ ነበረች አሉ።»

ለእሷ ተናገረች። ለእኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ጎበዝ ከነበርኩ ያን ቀን ምን አፏን ያዛት?

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

የእሷን ካርድ አስቀድሜ ላስገባ ብዬ አሰብኩ። አንድ ካርድ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መሰላሉን ወደ ሰ ሳብኩትና መልሼ ተውኩት።

ተራ መስበር አልወድም። ዛሬ ለእሷ ብሰብር ነገ ለሌላው ነው፤ ከዚያ የቱን እንዳስገባሁ የቱን እንዳላስገባሁ ይጠፋኛል። ደግሞስ እሷ መቼ ለእኔ ተራ ሰብራ ታውቃለች? ጥያቄ ስጠይቅ «ተራሽ ሲደርስ» ነበር መልሷ። በዚያ ላይ መርፌ ሁሉ ፔኒሲሊን አይደለም። ስንት ዓይነት መርፌ አለ። በዚያ ላይ አፍ አላት፤ ራሷ ትናገራለች። ሲያስተምሩ ከመናገር ሌላ ምን ይሠራሉ።

መን ጨረስኩ። ሠ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው፤ እነሱንም ጨረስኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ክሊኒክ የለም። ሦስቴ እጄን ታጠብኩ። ልጄ «ምን ነክተሽ ነው?» አለች። ምንም።

ሰኞ ለነርሷ በጨዋታ መሃል እነግራታለሁ። «ያቺ አስተማሪ ፔኒሲሊን አይስማማትም መሰለኝ» ማለት ብቻ ነው። እንዴት አወቁ ብትለኝስ? ካርዷ ላይ አለ እላለሁ። እኔ የማየው መዝገብ ላይ ለምን የለም ብትለኝስ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ነርሷን ሳላገኛት ወጣች። ዝናብ ነበር፣ ቸኩላ ነበር። የምጠራት መስሎኝ መስኮቱ ጋ ደርሼ ነበር። ጃንጥላዋን ብቻ አየሁት።

ረን ጀመርኩ። ስድስት። ነገ ረን ጨርሼ ሰ ውስጥ እገባለሁ። ነገ ተራዋ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

በምሳ ሰዓት አስገባኋት። ሁለቱን መስመር ከፍቼ ከካርዱ ላይ ሙሉውን ሞላሁት። ማሽኑ ቀይ ስለሌለው ማስጠንቀቂያ በሚለው ሳጥን ውስጥ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሏን አልነካሁም፣ በንጉሡ ሠ ተውኩላት። ቀለል አለኝ። ነርሷ እንደ ልማዷ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ የወጣችውን ዳቦ በላሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነርሷ ገባች። ጫማዋን አላራገፈችም።

«ምነው?» አልኳት።

«ወደቁብኝ፣ እትዬ። አራት ሰዓት ላይ ነው የወጋኋቸው። ሐኪሙ በስልክ ፔኒሲሊን ጀምሪላቸው፣ መዝገባቸውን አይተሽ አለኝ። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ደግሞ…» ተንፈስ አለች። «"ካርዴ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ትችዪ የለ?" አሉኝ። ከፍቼ አነበብኩ። ምንም የለም። ሁለቴ አየሁ። ምንም አልተጻፈም አልኳቸው። "እንግዲያው ጥሩ፣ የጻፈችው ጎበዝ ናት" አሉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ፊታቸው… አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ…»

«ተቀመጪ» አልኳት።

«መቀመጥ አልችልም፣ አስተዳዳሪው ጠርቶኛል።» ሳሙናውን እጇ ስለለመደ ብቻ አልጋው ላይ አጋደመችውና ወጣች።

ጠዋት ነርሷ ሳሙናው ላይ፣ ምሳ ላይ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ስለጻፍን ወዲያው መንታ ሆና ስክሪኑ ላይ መጣች። በአንድ በኩል ሳሙናው የያዛት አስተማሪ፣ በሁለት መስመር። ነርሷ ጠዋት ያየችው እሱን ነው። በሌላ በኩል ምሳ ላይ የሞላሁት፣ ከነማስጠንቀቂያው።

የትኛው ይቅር?

ሙሉውን ነካሁ። አዋህድ።

ሥራዬ ነው። መንታ ሲመጣ የሚደረገው ይኸው ነው። ደግሞ ልክ ነው የተጫንኩት። ዛሬ ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሆስፒታል ናቸው። አልነቁም አሉ። ዘጠኝ ካርድ አስገባሁ፤ እጄ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ከነቁ ለራሳቸው ነው የምነግራቸው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አስተማሪዬ ጠዋት አረፉ።

ሒሳቡን ሠራሁት። ሠ ከረ በፊት ነው። ስማቸውን በራሳቸው ፊደል ጽፌው ቢሆን ኖሮ ካርዳቸው ሠ ውስጥ ይሆን ነበር፤ ሠን ደግሞ ዓርብ ጨርሻለሁ። ዓርብ። ከመርፌው አራት ቀን በፊት።

ይህን ለማን ይነግሩታል? ማን ይገባዋል?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

አስተዳዳሪው ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጦ መዝገቡን ከፈተ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ማስጠንቀቂያውን በጣቱ ነካው። «ይኸው። እንዲህ ተጽፎ!» ሳሙናውን ከአልጋው አንስቶ ከፈተው። እዚያም ላይ አለ። «አላነበበችም። ስልኳን ስታይ ነው የምትውለው።»

ባለሽቦው ገመድ ሊቀይር መጥቶ ነበር። እንደ ዋዛ ጠየቅሁት። «ይሄ ማሽን እያንዳንዱ ነገር መቼ እንደተጻፈ ያውቃል?»

«የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እትዬ። አልጋው ላይ ሲዋሃድ ሁሉም የዚያን ሰዓት ይይዛል። ምነው፣ የጠፋ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሲጠይቁ ግን ጎበዝ ነዎት። ሌላው ሰው አይጠይቅም።»

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ልጄ የቤቱን ኪራይ ከፍላ ስትመለስ ያቺ ነርስ እኛ ሰፈር እንደምትኖር ነገረችኝ። ከእናቷና ከሁለት እህቶቿ ጋር ነው። እናትየዋ በር ላይ ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ «የእኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም» ትላለች አሉ።

የደብተሬን ጀርባ ልቀድደው ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ስም ያለበትን። ገና መቶ አሥራ አምስት ካርድ ይቀረኛል። ዝርዝሩ ከሌለ ሥራው አያልቅም።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ነገ ሁሉም አንድ ላይ ይሆናሉ፤ አንዴ ተናግሬ እገላገላለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ነርሷ አስተዳዳሪው በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተጠጋጋችልኝ። እጇ ቀዝቅዟል።

«እትዬ፣ እንኳን ተጠሩ። እርስዎ ይነግሩልኛል። ማሽኑ የሚበላው ነገር እንዳለ ያውቃሉ አይደል? ጫማ ሠሪውን እንኳን በልቶት የለ?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ገባን። አስተዳዳሪው፣ ሐኪሙ፣ የማላውቀው አንድ ኮት የለበሰ ሰው። መዝገቡን አትሚ ስለተባልኩ አትሜ ይዤ ነበር። ኮት የለበሰው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ወደ እኔ ተመለከተ።

«ይህን ማስጠንቀቂያ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ ይቅር የሚለውን በተቃራኒው ነው የተረዳሁት። እሱን ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሐኪም በቀይ ጻፊ ብሎኝ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት» አልኩ። «ካርዱ መደርደሪያው ላይ አለ።»

አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።

«ይኸው» አለ አስተዳዳሪው። ወረቀቱን ለነርሷ ሰጣት።

አነበበችው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ እኔ ፊደል ስማር አደርግ እንደነበረው፣ ደግማ አነበበችው። ትጮኻለች፣ ትጣላለች፣ እኔን ትጠቁማለች ብዬ ስፈራ ፊቷ እየለሰለሰ ሄደ። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እዚሁ ነበር ማለት ነው» አለች። «አላየሁትም። ሁለቴ አይቼ… አላየሁትም።» ከዚያ ወደ ማንም ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች። «ሰው እንዲህ ፊቱ ያለውን ሳያይ ይቀራል እንዴ፣ እትዬ?»

ሁሉም እኔን ያያሉ።

«ድካም ነው፣ ልጄ» አልኳት። «ድካም ያሳውራል።»

እጄን ይዛ አለቀሰች። ከዚያም ባጇን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ገና ማንም አምጪ አላላትም ነበር።

በምሳ ሰዓት ሸን ጀመርኩ።